የእትዬ ተዋበች እግር

አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ሲነሡ ለምን ለእኔ እንደማይደውሉ እስካሁን አልገባኝም። ስለ ምርጫ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ከቴምዝ ወዲህም ወዲያም የለም። ይህን ያልኩት በቅርቡ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ አንገቴ ላይ ፎጣ ታስሮ፣ ግማሽ ጭንቅላቴ ተላጭቶ፣ ግማሹ ተራውን ሲጠብቅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በረዶ የወረደባትን አንዲት ትንሽ ስቴት ያሳያል። ፕሬዚዳንት መሆን የሚፈልጉት ትልልቅ ሰዎች የገበሬ እጅ ከነጭቃው ይጨብጣሉ፣ የማን እንደሆነ የማያውቁትን ሕፃን ይስማሉ፣ እየተናነቃቸው ኬክ ይጎርሳሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንሥቶ፣ «ቆይ፣ ካሊፎርኒያን የሚያህል አገር እያለ ይቺ ኩርማን መሬት ምን ስለሆነች ነው መጀመሪያ የምትመርጠው?» አለ።

«እኔ ላስረዳህ» አልኩት፤ «ይህን ነገር ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። መጀመሪያ የሚመርጠው ሁልጊዜ ቴክሳስ ነው። ከዚያ ሌላው ቴክሳስን አይቶ ይከተላል።»

ከጎኔ የተቀመጠው፣ እዚሁ ለንደን የተወለደ ጎረምሳ ስልኩን አወረደ። «አንክል፣ ሲሪየስሊ? ቴክሳስ? አዮዋ እኮ ነው! ስክሪኑ ላይ ተጽፏል፣ ሉክ፣ እየው!»

ቤቱ ተናጋ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ሳቁ እስኪያልፍለት ምላጩን ከጆሮዬ ራቅ ማድረግ ነበረበት። ይሁን፣ አዮዋ ትሁን። የአገሯን ስም ብስትም ነገሯን ግን አልሳትኩም፤ ይህን ላስረዳቸው አፌን ስከፍት አንድ ደንበኛ ከዝናብ ገባና የሱፍ ካፖርቱን ክፍሉን የሚያሞቀው ራዲያተር ላይ አሰጣው። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ፤ ግማሹ በግ፣ ግማሹ የተቀቀለ ካልሲ የሚመስለው የእርጥብ ሱፍ ሽታ። ሳቁም ጎረምሳውም ጠፉብኝ። ኬንቲሽ ታውን፣ ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ወለሉ ሰም የተቀባ፣ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ ፒያኖ ጥግ ላይ የቆመበት አዳራሽ ውስጥ በሐሳብ ገባሁ። እዚያ መሐል ላይ፣ የወንድ ካፖርት በነጠላ ላይ ደርበው፣ የአገር ሁሉ ዐይን እግራቸው ላይ ተተክሎ፣ እትዬ ተዋበች ቆመዋል።

እትዬ ተዋበች ጎረቤታችን ነበሩ። ሕፃን ሆኜ ከወላጆቼ ጋር ለንደን ስንመጣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ የካውንስል ፍላት፣ የአስተዳደሩ ኪራይ ቤት፣ የተሰጠን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእሳቸው በር ከእኛ በር ቀጥሎ ነበር። ሊፍቱ እኔ እስካገባ ድረስ ሲሠራ አላየሁትም። እሳቸው ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቁመታቸው በር የሚያጎነብሳቸው ሴት ነበሩ። አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩሱ ስለነበር ሁልጊዜ የትኩስ ጨርቅና ለጉልበታቸው የሚቀቡት ቅባት ሽታ ይቀድማቸዋል። ቤታቸው ሳንቲም ሲጎርስ ብቻ መብራት የሚሰጥ ቆጣሪ፣ ከሁለት ዘንግ አንዱ ብቻ የሚቀላ የኤሌክትሪክ ሂተር፣ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ክዳኑ ላይ የንግሥቲቱ ሥዕል ያለበት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረ። ቆርቆሮው የእኔ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ቀጭን ስለነበር ኑሯቸውን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው የሸበጣቸው ድምፅና የማይገባቸው የእንግሊዝኛ ሬዲዮ ነው። በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። እኔ በቀን አሥር ጊዜ እገባ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አንድ ቀን እኔም ይህንኑ ብላቸው፣ «አንተ እንግዳ አይደለህም፣ አንተ ጉዳት ነህ» አሉኝ፤ ቆርቆሮውን እያዩ። እናቴም ሳሕን ትልክላቸዋለች፤ ግን ሥራዋ የሌሊት፣ የአባቴ የቀን ስለነበረ ቁጭ ብሎ የሚጫወት አልነበረም። ሳሕን ደግሞ ወሬ አያወራም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። የማኅበሩ ምርጫ ደረሰ ማለት ነው።

ማኅበሩ የለንደን የኛ ሰዎች መረዳጃ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሊቀመንበር የተመረጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ታዲያ አንዱ ሁለት እጁን አውጥቶ ተገኘና ድብድብ ሊነሣ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ መከሩ። እጅ ሁለት ይወጣል፣ እግር ግን ሰውየውን ይዞ ነው የሚሄደው ተባለ። አንደኛው ተወዳዳሪ መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ሌላው ራዲያተሩ ጋ፤ መራጩ ተነሥቶ ወደሚፈልገው ይሄዳል። ሁሉም ባንዴ ሲነሣ ወንበር ስለሚሰበር ደግሞ በሰፈር በሰፈር እንዲጠራ ሆነ። ማኅበሩ የተመሠረተው ኬንቲሽ ታውን ስለሆነ ኬንቲሽ ታውን ይቅደም ተባለ። ማንም ክፉ ነገር አላሰበም፤ ሥርዓት የሚባለው ነገር እንዲህ ሳይታሰብ ነው የሚገባው።

ኬንቲሽ ታውን ስንት ሰው ነበረው? አባቴ፣ እናቴ፣ እናቴ ያበላቻቸው ቦታ የሚሄዱ ሁለት ተማሪዎች፣ እና እትዬ ተዋበች። በቃ። ሃርልስደን የሚባለው ሰፈር ብቻውን የእኛን ሃያ እጥፍ ይሆናል። ግን «ኬንቲሽ ታውን!» ተብሎ ሲጠራ አባቴ ብድግ ይልና ይቆማል፤ ታላቅ እያለ እንዴት ይቀድማል? «እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። «ኧረ ግድ የለም» ይላሉ እትዬ። «በእግዜር፣ አይሆንም!» ይላል አባቴ። ተማሪዎቹም አጎንብሰው ይጠብቃሉ። ስለዚህ እትዬ ይራመዳሉ፤ እኛ እንከተላለን፤ ቀጥሎ የሚጠራው ሃርልስደን ትልቅ ሴት የሄዱበትን ትቶ፣ ከሚሸነፍ ሰው ጋር ግድግዳ ደግፎ መታየት አይፈልግም፤ ሰቨን ሲስተርስ ሃርልስደንን ያያል። በአጭሩ፣ የለንደን ሐበሻ ሁሉ የሚተዳደረው በአንድ አንሶላ ተኳሽ ሴት ግራ እግር ነበር። ቀኙ ያማቸዋል።

ተወዳዳሪዎቹ ይህን ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። ምርጫው ሊደርስ ወር ሲቀረው የእትዬ በር ይንኳኳል። እትዬ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከጠዋት ይጠብቃሉ፤ ሲንኳኳ እየሮጡ በሩ ድረስ ይሄዱና፣ እዚያ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ልክ ሥራ ላይ እንደነበረ ሰው፣ «ማነው ደግሞ!» ይላሉ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አፌ በብስኩት ስለተሞላ አልተናገርኩም።

ከሁሉ የሚበረቱት ነባሩ ሊቀመንበር አቶ ሙሉጌታ ነበሩ። የቆዳ ቦርሳና ኮፍያ የማይለያቸው፣ ደረጃውን ሲጨርሱ እንደ ባቡር የሚተነፍሱ ሰው። በየዓመቱ አናናስ ያመጣሉ። በዚያን ዘመን አናናስ ማለት ቀልድ አይደለም። እትዬ አይበሉትም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጡትና ዜና አንባቢው አክሊል የደፋ ይመስላል። አቶ ሙሉጌታ በየዓመቱ ማኅበሩ አውቶቡስ ተከራይቶ ሕዝቡን ባሕር ዳርቻ እንደሚወስድ ቃል ይገባሉ፤ እኔ ባሕር ያየሁት ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። አንድ ሌላ ተወዳዳሪ የበሩን ቁልፍ ጠግኖላቸዋል። አንዱ ደግሞ ከተመረጠ ለአባላት የመቃብር ቦታ እንደሚያስገኝ ቃል ገባ። ሲወጣ እትዬ ግድግዳውን መትተው እናቴን ጠሩ፤ «ሰማሽልኝ? ምረጡኝ ብሎ መጥቶ ሙቱልኝ ይለኛል!»

ግን ይደሰቱ ነበር። ማንም ቢመጣ፣ ምንም ቢያወራ። እናቴ አንድ ቀን ካፖርቷን እየለበሰች፣ «ይሄ ምርጫ ባይኖር እኮ የእሳቸውን በር የሚያንኳኳ አይገኝም ነበር» ስትል ሰማኋት። አባቴ ጫማውን ማሰር ቀጠለ።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ በዚያው መኸር ወይዘሮ ሮማን መጡ። ሮማን የሃርልስደን ሴት ናቸው፤ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጡ ነበርና ድምፃቸው ከታችኛው ፎቅ እስከ ላይኛው ይሰማል። አንድ ልጅ በጋሪ፣ አንድ ልጅ በእጅ ይዘው ሦስት ፎቅ ወጡ። አናናስ የለም፣ ቦርሳ የለም። ገና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«እትዬ፣ ውሸት አልችልበትም። ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ። ከተመረጥኩ ኬንቲሽ ታውን መጀመሪያ የሚባለው ነገር ይቀራል። ሁሉም ባንድ ላይ ይነሣል፤ ወንበርም ከተሰበረ ይሰበር። እኛ ልጅ አዝለን፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ስንመጣ ነገሩ አልቆ ነው የምናገኘው። እኛ ሰው አይደለንም?»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ባዶ እጅሽን መጥተሽ ደግሞ ያለኝን ልትወስጂ?»

«አናናስ ላመጣ ነበር። ጋሪው አለ፣ ልጁ አለ፣ አናናሱን በጥርሴ ልንከሰው?»

እትዬ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ እኔ ቤት ማን ይመጣል?» አሉ።

ሌላ ተወዳዳሪ ቢሆን፣ «ኧረ እኛ አለን፣ ምን ሊሆኑ!» ይል ነበር። ሮማን ግን መሬት መሬት አዩና፣ «እሱን አላሰብኩትም፣ እትዬ» አሉ።

የዚያን ጊዜ መሄድ ነበረባቸው። ግን ጋሪ ውስጥ ያለው ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ከቀሰቀሱት ያለቅሳል፤ ትልቁ ደግሞ ከእኔ ጋር ቆርቆሮው ላይ ጦርነት ከፍቷል። ስለዚህ ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ክፉ አለቃ፣ ትኬት ላለመቁረጥ የሞተ መስሎ ዐይኑን ስለሚጨፍን ተሳፋሪ አወሩ። ወይዘሮ ሮማን ተሳፋሪውን ሆነው ሲያሳዩ እትዬ ሆዳቸውን ይዘው አልጋው ላይ ተጋደሙ። ስለ ምርጫው ሁለተኛ አንዲት ቃል አልተነሣም። አቶ ሙሉጌታ ሲመጡ በየአምስት ደቂቃው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ እኚህ ሴት ግን ቆጣሪው ሳንቲሙን ጨርሶ ቤቱ እስኪጨልም አልተነሡም።

የምርጫው ቀን ለንደን ላይ የወረደውን ዝናብ ኖኅ ቢያየው ይሸሽ ነበር። ካፖርት ሁሉ ራዲያተሩ ላይ ተሰጥቷል፤ አዳራሹ በእርጥብ ሱፍ ሽታ ታፍኗል። አቶ ሙሉጌታ ኮፍያቸውን አውልቀው መስኮቱ ጋ ቆሙ፤ ወይዘሮ ሮማን ትንሹን ልጅ አዝለው ራዲያተሩ ጋ። ሃርልስደኖች ከኋላ ተቀምጠው ያጉረመርማሉ።

«ኬንቲሽ ታውን!»

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ አባቴ።

እትዬ ተዋበች ተነሡ። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ተራመዱ፤ ሁሌም የሚሄዱበት መንገድ ነው። አቶ ሙሉጌታ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፈገግታቸው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። መሐል አዳራሹ ላይ ሲደርሱ እትዬ ቆሙ። ካፖርታቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። ፒያኖውን አዩ፣ እኛን አዩ። ከዚያ ዞረው፣ በዚያ በማያማቸው እግራቸው እየመሩ፣ ቀስ ብለው ሄደው ጀርባቸውን ራዲያተሩ ላይ ለጠፉ።

የአባቴ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ግን ተከተለ፤ ምን ያድርግ? እናቴ ተከተለች፣ ተማሪዎቹ ተከተሉ። «ሃርልስደን!» ሲባል አዳራሹ ውስጥ የተነሣውን እልልታ ቤተ ክርስቲያኑ ከተሠራ ወዲህ የሰማ አይመስለኝም። ሰቨን ሲስተርስ ሮጦ መጣ። የአቶ ሙሉጌታ ወንድም እንኳ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ እያለ ተሻገረ። መስኮቱ ጋ የቀሩት አቶ ሙሉጌታና ባለቤታቸው ናቸው፤ ባለቤታቸውም ቢሆኑ በዐይናቸው ተሻግረው ነበር።

እናቴ ወደ እትዬ ተጠግታ፣ «ምነው እትዬ? ምን ነካዎት?» አለቻቸው።

«በረደኝ» አሉ።

ይህን አቶ ሙሉጌታ ሰሙ። «ምርጫ አይደለም ይሄ! ሴትዮዋ በርዷቸው ነው! ራዲያተሩ ይዘጋና እንደገና ይደረግ!» ብለው ጮኹ። ሽማግሌዎቹ ለውይይት ተቀመጡ፤ በቁም ነገር ተወያዩ፤ ብርድ እንደ ሐሳብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለው። የአዳራሹ ጠባቂ እንግሊዛዊ ተጠርቶ መጣና ራዲያተሩ ከዓለም ጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ መዘጊያው የተሰበረ እንደሆነ አስረዳ። በዚህ ምክንያት ወይዘሮ ሮማን ሊቀመንበር ሆኑ።

ቃላቸውን ጠበቁ። በሚቀጥለው ዓመት ምርጫው ሁሉም ባንድ ላይ የሚነሣበት ሆነ። ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ፤ የእትዬን በር ያንኳኳ ግን አልነበረም። ተወዳዳሪዎች ሃርልስደን ውለው ሃርልስደን ያመሻሉ። በግድግዳው በኩል አዳምጥ ነበር። ሸበጥ፣ ሬዲዮ፣ ሸበጥ። አንድ ቅዳሜ ብስኩት ፍለጋ ስገባ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። «የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው። «የትም» አሉ፤ ቆርቆሮውን ራሳቸው ከፍተው ሰጡኝ። ከፍተው ሰጥተውኝ አያውቁም ነበርና አንዲት ብስኩት ብቻ አንሥቼ ክዳኑን መለስኩት።

ምርጫው አለፈ። ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አልሮጡም፤ የጋዝ ቆጣሪ የሚያነብበው ሰው መስሏቸዋል። እኔ ሄጄ ስከፍተው ጋሪ፣ ልጅ፣ ከጀርባቸው ደግሞ ወይዘሮ ሮማን፣ ብብታቸው ሥር አናናስ።

«ምርጫው አልፏል እኮ፣ ሮማን» አሉ እትዬ ከውስጥ።

«አውቃለሁ። እነዚህ ልጆች ብስኩት ቤት ውሰጂን ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። ግቡም አይሉም እንዴ? በሦስት ፎቅ ሞቻለሁ!»

እትዬ አናናሱን ተቀብለው ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሄዱ ሮማን፣ «ኧረ ይቆረጥ! ለጌጥ አይደለም የተሸከምኩት!» ብለው ቀሙና ቆራረጡት። አገጫችን እስኪርስ በላን። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሮማን ቀን ሆነ። ቆይቶም ሌሎች የሃርልስደን ሴቶች መጡ፣ ከነልጆቻቸው፤ አባቴ በዕረፍት ቀኑ መተኛት አቅቶት፣ «ይህ ሁሉ ጫጫታ ያ ራዲያተር ያመጣብን ነው» ይል ነበር። እኔም ከብስኩቱ የሚደርሰኝ ቢቀንስም ለተቃውሞ አልወጣሁም።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ በርዶዎት ነበር ወይስ ወደው ነው?» «በርዶኝም ነበር፣ ወድጄም ነበር» አሉኝ፤ «አንተ ምን አገባህ፣ አንተ ጉዳት?»

ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ቀብራቸው ላይ ከሃርልስደን የመጣው ሰው መንገድ ዘግቶ ነበር፤ ወይዘሮ ሮማን በምርኩዝ ቆመው እንደ ድሮው አውቶቡስ ሕዝቡን፣ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» ይሉ ነበር።

ለእኔ የተዉልኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በር ሲንኳኳ ሳልከፍት መቅረት አልችልም። ለንደን ውስጥ ይህ እንደ በሽታ ነው የሚታየው። የምርጫ ሰሞን ደረታቸው ላይ የየፓርቲያቸውን ሪባን የለጠፉ ቀስቃሾች ቤት ለቤት ሲዞሩ ጎረቤቶቼ መብራት አጥፍተው ይደበቃሉ፤ እኔ ግን ሰማያዊውንም ቀዩንም አረንጓዴውንም አስገባለሁ። ሻይ አፈላለሁ። ስለ ቆሻሻ መኪናው፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ እጠይቃለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ባሉት ላይ እንደማስብበት እነግራቸዋለሁ። ባለፈው አንዲት ቀስቃሽ ልጅ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ እናቷ ስለምትጋግረው ዳቦ ስትነግረኝ ቆየች፤ ስትወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ እንደምትመጣ ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ከኩሽና፣ «ኧረ ሰዎቹን አታድክማቸው፣ እውነቱን ንገራቸው!» ትላለች።

እውነቱ ይህ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ የዚህ አገር ፓስፖርት ከያዝኩም ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ለመምረጥ ግን ተመዝግቤ አላውቅም። በአቋም አይደለም፤ ስንፍና ነው።